የጥሩወርቅ ስንቅ

«ከዚያስ?» አለ ይርዳው። ዶማውን ወደ ላይ እንዳነሣ ቀርቷል።

ትርንጎ አልቸኮለችም። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እግሯን እያወዛወዘች፣ ይርዳውና ጌጤ የእሷን ጉድጓድ ሲቆፍሩላት ታያለች። ዓርብ ዓርብ ስምንተኛ ክፍል በሙሉ ከደብረ ታቦር በላይ ወዳለው ጋራ ይወጣና ለክረምት ችግኝ የሚሆን ጉድጓድ ይቆፍራል። ዘመቻ ስለሆነ መቅረት አይቻልም። ትርንጎም ቀርታ አታውቅም። ብቻ እሷ ታወራለች፣ ሌሎቹ ይቆፍሩላታል። ይህን ውል ማንም ቁጭ ብሎ አልተዋዋለውም። ወሬው እየጣመ ሲሄድ ዶማው ከእሷ እጅ ወጥቶ ወደ ይርዳው እጅ ገባ፣ በዚያው ቀረ።

«ከዚያማ ልዕልት ጥሩወርቅ ከጉና ተራራ ሆድ ወጣች» አለች። «ዘንዶው ይከተላታል። የነሐስ ጅራቱ ድንጋዩን በመታ ቁጥር እሳት ይረጫል። እሷን ግን ያስፈራት ዘንዶው አልነበረም። ሊነጋ መሆኑ ነው ያስፈራት።»

«መሐላው!» አለች ጌጤ፣ አካፋዋን እንደ ምርኩዝ ተደግፋ።

«አዎ፣ መሐላው። ቅድመ አያቶቿ የማሉት መሐላ ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ ሲወርድ እሷ ላይ ደርሷል። ፀሐይ ሳትወጣ ሰው ደጃፍ ቆማ ካልዘፈነች፣ ገላዋ ከጣቷ ጫፍ ጀምሮ ድንጋይ ይሆናል። መሐላውን ሊፈታ የሚችለው ደግሞ ከሰባት ወንዝ ማዶ የሚኖረው…»

«ጋሼ!» አለ ይርዳው በሹክሹክታ።

ጋሼ አያሌው የፖለቲካ ትምህርት መምህራቸው ናቸው። ካኪያቸውን ለብሰው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ በጉድጓዶቹ መካከል እየተጎማለሉ ይመጣሉ። ንጉሥ፣ ዘውድ፣ ልዕልት የሚል ቃል ከሰሙ «የአድኃሪ ወሬ» ብለው ሰልፍ ፊት ያቆማሉ።

«…እናም ጓድ ጥሩወርቅ» ትርንጎ ድምጿን እንኳ ሳትለውጥ ቀጠለች፣ «የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር እንደ መሆኗ፣ ስለ ማዳበሪያ ክፍፍል ስብሰባ ጠራች።»

ጌጤ ሳቋን ለማፈን ጎንበስ ብላ አፈር ዛቀች። ጋሼ አያሌው አንዴ ቆም ብለው ጉድጓዱን አዩና አለፉ። ጥቂት እንደ ራቁ ጓድ ጥሩወርቅ ዘውዷን መልሳ ደፋች፣ ዘንዶውም እንደ ገና ይከተላት ጀመር።

ትርንጎ ወሬ ሲሞቃት አፏ ከሐሳቧ ይቀድማል። ያን ዕለትም ሞቃት። ልዕልቲቱን ወንዝ ለወንዝ ስታሻግራት ይርዳው «ይሄን ሁሉ መንገድ ምን እየበላች ነው የምትሄደው?» ሲላት፣ ሳታስብ መለሰችለት።

«ቂጣ ነዋ! ግን የእናትህን ቂጣ እንዳይመስልህ። በየደጃፉ ስትዘፍን አንዱ ቤት ጤፍ ይሰጣታል፣ አንዱ ገብስ፣ አንዱ ስንዴ፣ አንዱ አተር። ሁሉንም አንድ ላይ አስፈጭታ ትጋግረዋለች። ዝንጉርጉር ነው። የስንቱ ቤት እህል አለበት መሰለህ!»

ከወዲያ በኩል የአንድ ዶማ ድምፅ ቆመ። የፈንታነሽ ዶማ ነበር። ፈንታነሽና ትርንጎ ከገጠር መጥተው አንዲት ክፍል በጋራ ተከራይተው የሚማሩ ጓደኛሞች ናቸው። ፈንታነሽ ሁልጊዜ የራሷን ጉድጓድ ራሷ ትቆፍራለች፣ የትርንጎን ወሬ ግን ከሁሉም ይልቅ በጥሞና ትሰማ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ስንቅ ተፈታ። አንዱ በሶ፣ አንዱ ድርቆሽ፣ አንዱ እንጀራ በሽሮ አወጣ። ፈንታነሽ ቋጠሮዋን ሳትፈታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ፈንታ፣ አትበይም እንዴ?» አለቻት ጌጤ።

«አልራበኝም።»

ይርዳው አፉን በእንጀራ እንደ ሞላ ሳቀ። «ቂጣዋ ዝንጉርጉር ስለሆነ ነው! ባለፈው ዓርብ አይቼዋለሁ። ቁርጥ የጥሩወርቅን ቂጣ!»

ሁሉም ሳቁ። ክፋት አልነበረበትም። ይርዳው ለቀልድ የሚሆን ነገር ካገኘ የገዛ እናቱንም አይምር። ግን ፈንታነሽ አልሳቀችም። ትርንጎም አልሳቀችም። ይርዳው ሁለቱም አለመሳቃቸውን ልብ አለ።

ትርንጎና ፈንታነሽ ወደ ቤት ወረዱ። የክፍላቸውን በር ከዘጉ በኋላ ነው ትርንጎ የደፈረችው።

«ስምሽን አልጠራሁም እኮ።»

«ቂጣዬን ጠራሽው» አለች ፈንታነሽ።

ትርንጎ ነገሩን የሰማችው መስከረም አልፎ ስንቅ አንድ ላይ መብላት የጀመሩ ሰሞን ነበር። «ያንቺ ዱቄት ለምንድን ነው ሁልጊዜ ቅይጥ የሚሆነው?» ብላ ጠየቀቻት። ፈንታነሽም ነገረቻት። እናትና አባቷ ላሊበላዎች ናቸው። ጎሕ ሳይቀድ ተከናንበው በየሰው ደጃፍ እየዘፈኑ ይለምናሉ። ይህን ከእናት ከአባታቸው ወርሰውታል። ትተው ቤታቸው ቢቀመጡ ቁምጥና ይወርድባቸዋል ይባላል። እነሱም ያምኑታል፣ እህል የሚሰጣቸውም ሰው ያምነዋል። ያመነ ሰው ደግሞ ምጽዋቱን ይሰጣል እንጂ ከእነሱ ዘር ጋር በአንድ ጣሳ ውሃ አይጠጣም። አከራያቸው እትዬ እቴነሽ ይህን ቢሰሙ ፈንታነሽን በዚያው ቀን ከነጓዟ ነው የሚያስወጧት። እናትና አባቷ «አንቺ ተማሪ፣ ያንቺን እኛ እንዘፍንልሻለን» ብለው ነው ደብረ ታቦር የላኳት።

ትርንጎ ያን ዕለት ለማንም ላትናገር ምላ ነበር። መሐላዋንም ጠብቃ ቆየች። ኋላ ግን ዘንዶ አለቀባት። ያሏትን ዘንዶዎች በሙሉ አንገታቸውን ቆርጣ ጨረሰች፣ ይርዳው አዛጋ፣ ዶማውንም «እንቺ እንግዲህ» ብሎ ሊመልስላት እጁን ዘረጋ። የልዕልት ጥሩወርቅ መሐላ የተወለደው ያኔ ነው። ትርንጎ ቁምጥናውን ድንጋይ አደረገችውና ነገሩን የሰወረችው መሰላት። ይርዳው ዶማውን መልሶ አነሣ።

«ደግሞ እኮ ተምረነዋል» አለች ትርንጎ አሁን፣ ነገሩን ቀለል ለማድረግ። «ቁምጥና ከተህዋስ ነው የሚመጣው። በዘር አይወርድም፣ መሐላም አያመጣውም። ባዮሎጂ ላይ…»

«ተምሬዋለሁ። ፈተናውንም ደፍኜዋለሁ» አለች ፈንታነሽ። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በማግስቱ ገበያ ነበር። ፈንታነሽ ውሃ ልትቀዳ እንደ ወረደች እናቷ እትዬ ሙሉሐብት ስንቅ ይዘው መጡ። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ዓይናቸው ቤቱን አንዴ ዞሮ ሁሉን የሚያይ ሴት ናቸው። መደቡ ላይ ተቀምጠው አንዲት ትንሽ ከረጢት ከነጠላቸው ስር አወጡ።

«ይችን ለብቻ አስቀምጭላት። ጤፍ ብቻ ነው።»

«ጤፍ ብቻ?»

«እህሉን በወንፊት እየነፋሁ ለየሁት። ጤፉ ያልፋል፣ ሌላው ላይ ይቀራል። ባለፈው መጥቸ ሳለ ቂጣዋን ከነጠላዋ ስር አድርጋ ስትበላ አየኋት። ምንም አላልኋትም። እሷም አላለችኝ።»

ትርንጎ ከረጢቱን ተቀበለች። ትንሽ ናት፣ ግን ስንት ቀን እንደ ተነፋባት ማሰብ አልፈለገችም። በእፍረት ከሌላው ዱቄት ለይታ አስቀመጠችው።

«የቤቱ ባለቤት ማን ነበር ስማቸው?» አሉ እትዬ ሙሉሐብት በሩን እያዩ።

«እትዬ እቴነሽ። ሊዘፍኑላቸው ነው እንዴ?»

«ኧረ ወዲያ! ልጃችን በምትማርበት አገርማ አንዘፍንም። እኛ ይፋግና አንበሳሜ ነው የምንወርደው። ልማድ ሆኖብኝ ነው። ደጃፍ ባየሁ ቁጥር ስም እጠይቃለሁ።»

ትርንጎ ወሬ የምትወድ ልጅ ናትና እፍረቷ እያለም ጠየቀች። «ግን የማያውቁትን ሰው ስሙን ጠርተው ነው አሉ የሚዘፍኑለት። ከየት ያገኙታል?»

«ከጎረቤት ነዋ፣ የኔ ዓለም። በዋዜማው እንጠይቃለን። ማን ይባላሉ? ማን ወለደላቸው? ማን ሞተባቸው? ጎረቤት ምን የማይናገረው አለ! አንዱን ስትጠይቂው ሁሉን ይዘረግፍልሻል።»

«የሰሙትን ሁሉ ይዘፍኑታል?»

እትዬ ሙሉሐብት ደነገጡ። «ምን ቆርጦን! ስንቱን ጉድ ሰምተናል መሰለሽ። አሁን የእናንተን እመቤት በይ እስቲ። ምን ደርሶባቸዋል?»

«ልጃቸው ማሩ ዘምቶ ወሬው ጠፍቷል። ከድቶ ሸሽቷል የሚሉም አሉ።»

ሴትዮዋ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ጭናቸውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። ከዚያ ደጅ በማይሰማ ቀጭን ድምፅ አዜሙ።

«የእቴነሽን ልጅ ማሩን አምጣላት፣
ደጅ ደጅ ማየቱ ዓይኗ ሳይደክማት።

ይኸው ነው። መክዳቱን ሰምቸ ትቸዋለሁ። የሰው ስም የምንጠይቀው ልንመርቅበት ነው እንጂ ልናዋርድበት ነወይ? የማይመረቅበትን ይዞ ወደ ሰው ደጃፍ አይኬድም።»

ተነሥተው ነጠላቸውን አጣፉ። በሩ ጋ ሲደርሱ መለስ ብለው እጃቸውን በትርንጎ ራስ ላይ ጫኑ። «ፈንታ ነግራሻለች፣ አውቃለሁ። ለሰው ስትናገር አንች የመጀመሪያዋ ነሽ። ምስጢርሽን የሚጠብቅ ወዳጅ ይስጥሽ።»

ከስድብ ይልቅ ያ ምርቃት ከበዳት። «እትዬ፣ እኔ…» ብላ ጀመረች። ግን ፈንታነሽ ጀሪካኗን አዝላ ከግቢው ገባች፣ እናቷም ወደ እሷ ሮጡ።

ሳምንቱን ሁለቱ ልጆች «ክብሪቱን አቀብይኝ»፣ «በሩን ዝጊው» ከማለት ያለፈ አልተነጋገሩም። ትርንጎ በክፍል ውስጥ ይርዳውን ሽሽት ጀመረች። ምክንያቱም ይርዳው የሆነ ነገር እንዳወቀ ሰው ፈገግ እያለ ያያት ነበር።

ዓርብ ማለዳ ቀድማ ተነሣች። ከቆየው ቅይጥ ዱቄት ዘግና አቦካችና በብረት ምጣድ ቂጣ ጋገረች። ማታ ከጤፉ የተጋገረውን እንጀራ በፈንታነሽ ጨርቅ ቋጠረች፣ ቂጣውን በራሷ። ዘወር ስትል የፈንታነሽ ዓይኖች ብርድ ልብሱ ውስጥ ተከፍተው ያዩዋታል። 

ጋራው ላይ ይርዳው «ዛሬ መጨረሻው ነው!» እያለ እየጮኸ የትርንጎን ጉድጓድ ጀመረ። እሷ ግን «ስንቅ ስንፈታ እነግራችኋለሁ» አለችና ድንጋይዋ ላይ ዝም ብላ ተቀመጠች። ጉድጓዱ በዱቤ ግማሽ ደረሰ።

ስንቅ ሲፈታ ሁሉም ዙሪያዋን ከበቡ። መጀመሪያ የተናገረው ግን ይርዳው ነበር።

«ቆይ፣ አትንገሪን። እኔ ነቅቻለሁ» አለ። «አያቴን ጠየቅኋት። ጥሩወርቅ ተረት አይደለችም። ጎሕ ሳይቀድ እየዘፈኑ የሚለምኑ ሰዎች አሉ። ካልዘፈኑ ድንጋይ አይሆኑም፣ ቁምጥና ነው የሚይዛቸው። ላሊበላ ይባላሉ። እህላቸውም ከየቤቱ የተለቀመ ቅይጥ ነው።»

ማንም አልሳቀም። አንድ ሁለት ልጆች ፈንታነሽን ዘወር ብለው አዩ። ከዚያ ሁሉም አዩዋት።

«ፈንታ፣ እስቲ ቋጠሮሽን ፍቺው» አለ ይርዳው። ሊቀልድ ፈልጎ ነበር፣ ድምፁ ግን እንደ ቀልድ አልወጣም።

ፈንታነሽ እንደ ምንም ፈታችው። ውስጡ የጤፍ እንጀራ ነበር። ይርዳው እንጀራውን አየ፣ እሷን አየ፣ ግራ ገባው።

«የኔንስ አታዩም?» አለች ትርንጎ።

ቋጠሮዋን ፈታች። ከቡናማውም ከነጩም ከቢጫውም የተነካካ ዝንጉርጉር ቂጣ ነው። ቆርሳ አፏ ውስጥ ከተተች። ጨው እንደ ረሳች ያወቀችው ያኔ ነው። ሁሉም እያዩዋት ያንን አልጫ ቂጣ አኘከች፣ አኘከች።

«አንቺ ነሽ?» አለ ይርዳው።

«ብሆንስ?»

ጌጤ ውሃ ጠጥታ ጣሳውን ለትርንጎ ልታቀብል እጇን ዘርግታ ነበር። እጇ መንገድ ላይ ቆመ። ጣሳውን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችው፣ ዓይኗንም ሰበረች። ትርንጎ ወሬው እስከ ማታ እትዬ እቴነሽ ዘንድ እንደሚደርስ ታውቃለች። እስከ ገበያ ቀን ደግሞ አገር ቤት እናቷ ዘንድ ይደርሳል። ምን እንደምትላቸው አላወቀችም። ቂጣውን ግን ዋጠችው።

አንድ በአንድ ተነሥተው ወደየጉድጓዳቸው ሄዱ። መጨረሻ ላይ ይርዳው ቀረ። ጆሮው ቀልቷል።

«እኔ እኮ… ቀልዴን ነው» አለ። ዶማውን ግማሽ በደረሰው ጉድጓድ አጠገብ፣ እጀታውን ወደ እሷ አድርጎ አስቀመጠና ሄደ።

ትርንጎ ከድንጋይዋ ወርዳ ዶማውን አነሣች። ከብዶ አገኘችው። ይርዳው ይህን ሁሉ ዓርብ እንዴት እንዳነሣው ገረማት። ጥቂት እንደ ቆፈረች እጇን አላባት፣ ጥላም ጉድጓዱ ላይ ወደቀ። ጋሼ አያሌው ነበሩ።

«ዛሬ ራስሽ ትቆፍሪያለሽ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ወደ ከተማው እያዩ ቆሙ። ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ያቺ ሊቀመንበር…» አሉ፣ «መሐላው ተፈታላት ወይ?»

ትርንጎ ከጉድጓዱ ቀና አለች። «ገና ነው፣ ጋሼ።»

«እንግዲህ ትበርታ» ብለው እየተጎማለሉ ሄዱ።

ዶማው ድንጋይ መታ። እሱን ለማውጣት ስትታገል ሰው መጥቶ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ቀና አላለችም። እግሩን አይታ ፈንታነሽ መሆኗን አወቀች።

ፈንታነሽ የትርንጎን ቋጠሮ ፈታች። ከቀረው ቂጣ ቆርሳ፣ ያ ሁሉ ተማሪ ከወዲያና ከወዲህ እያያት፣ በላች።

«ጨው የለውም» አለች።

«ረሳሁት።»

«እናቴ አትረሳም።» ጥቂት አኘከች። «ወሬው እትዬ እቴነሽ ዘንድ ከደረሰ ሁለታችንንም ነው የሚያስወጡን።»

«አውቃለሁ።»

«ሌላ ቤት እንፈልጋለን።» ይህን ስትል ድምጿ ተራ ነበር። ትርንጎ ግን «እንፈልጋለን» ማለቷን ሰማች፣ ዓይኗም እንባ አቀረረ። ጎንበስ ብላ አፈር ዛቀች።

«ጥሩወርቅን ደግሞ አበላሽተሻታል» ፈንታነሽ ቀጠለች። «ሰባት ወንዝ ታሻግሪያታለሽ እንጂ አታውቂያትም። ያልነገርኩሽ ነገር አለ።»

«ካልፈለግሽ አትንገሪኝ።»

ፈንታነሽ እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ አየቻቸው። አፈር የነካው የዶማ እጅ ነው፣ ጣቱ ሁሉ ሙሉ።

«ጠዋት ጠዋት፣ ከብርድ ልብሱ ሳትወጣ፣ ማንም ሳያያት፣ ጣቶቿን ታያለች» አለች። «አንድ በአንድ። ባዮሎጂ ደፍናም ታያለች።»

የትርንጎ ዶማ ቆመ። ዓመት ሙሉ አጠገቧ ተኝታ፣ አጠገቧ ነቅታ፣ ይህን አንድም ቀን አላየችም። ለወሬዋ የሚሆን ነገር ስትፈልግ ግን ተራራ ትሰነጥቅ ነበር።

ቀና ብላ ዙሪያውን ቃኘች። ይርዳውና ጌጤ ሩቅ ናቸው። ጋሼ አያሌው ወደ ታች ወርደዋል። ዶማውን አስቀመጠች፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ከጉድጓዱ ወጥታ ድንጋዩ ሥር መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ከዚያስ?» አለች፣ ፈንታነሽ ብቻ በምትሰማው ድምፅ።